ከማዳም ቤት ወጥቶ ለብቻ መኖር፦ ከአልጋ ኪራይ እስከ ሐዋላ

ዓመታትን በማዳም ቤት ያሳለፈች እህት ልጅ ታሳድጋለች፣ የረመዳንን ድግስ ብቻዋን ትወጣዋለች፣ ዐረብኛውን ታቀላጥፈዋለች። የኪራይ ውል ግን ፈርማ አታውቅም፤ የመብራት ቢል አይታ አታውቅም፤ ሲሟንም ያወጣችላት ማዳም ናት። ወደ ድርጅት ሥራ ተዛውራ በዱባይ፣ በሻርጃ ወይም በዓጅማን ለብቻዋ ለመኖር ስትነሣ የምትቸገረው በዚህ ነው። ቅደም ተከተሉ እነሆ።

1. ወረቀቱን መጨረስ

ከቤት የምትወጪው ቪዛሽ በአዲሱ አሠሪ ስም ከዞረ በኋላ ነው። ደላላ «ፍሪ ቪዛ» ብሎ የሚሸጠውን አትግዢ፤ በአንዱ ስም ቪዛ ይዞ ለሌላው መሥራት በሕግ ክልክል ነው። ፓስፖርትሽንም ይዘሽ ውጪ። አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ አይፈቀድለትም፤ ከተከለከልሽ ወደ ሥራ ሚኒስቴሩ 600590000 ደውዪ።

2. ክፍል መፈለግ፦ እዚህ ላይ ረጋ በዪ

ሻርጃና ዓጅማን ከዱባይ ይረክሳሉ። ሥራሽ ዱባይ ከሆነ ግን የኢትሓድ መንገድን የጠዋት መጨናነቅ አብረሽ አስቢው፤ በኪራይ ያተረፍሽውን በእንቅልፍሽ ትከፍዪዋለሽ።

አልጋ ስትፈልጊ ከዋጋው በፊት «ውሉ በማን ስም ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ዱባይ ውስጥ የኪራይ ውል ኢጃሪ በሚባለው የመንግሥት መዝገብ ይመዘገባል፤ በሻርጃና በዓጅማን ማዘጋጃ ቤት ያጸድቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የዱባይ የኪራይ ሕግ ቁጥር 26 ደግሞ ተከራይ መልሶ ለማከራየት የባለቤቱን የጽሑፍ ፈቃድ መያዝ አለበት ይላል። አልጋውን የምታሳይሽ ልጅ ይህን ወረቀት ካላሳየችሽ ገንዘብ አትስጫት። ባለቤቱ መጥቶ «ውጡ» ያለ ቀን በእጅሽ የምታሳዪው ነገር አይኖርሽም። የአገር ልጅ መሆኗም ሆነ አንድ ቤተ ክርስቲያን መሳለማችሁ ውልን አይተካም። ዲፖዚቷን ተበልታ ሻንጣዋን ይዛ ሰው ቤት የተጠጋች ስንቷን አይቻለሁ።

ፓርቲሽን የሚባለውን፣ በግድግዳ የተከፋፈለ ክፍልም ተጠንቀቂ። እ.ኤ.አ. በጁን 2025 የዱባይ ማዘጋጃ ቤት በሪጋ፣ በሙረቀባት፣ በሳትዋና በበርሻ ያለ ፈቃድ የተከፋፈሉ ቤቶች ላይ ዘመቻ ጀምሯል። ግድግዳው ሲፈርስ አልጋሽም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ የባሰው እሳት ነው፤ በኤፕሪል 2023 ዴይራ፣ አል ራስ ውስጥ አንድ ሕንፃ ተቃጥሎ 16 ሰው ሞቷል። መስኮት የሌለው፣ ሶኬቱ በገመድ የተጠላለፈ፣ ወደ በሩ ለመድረስ ሦስት አልጋ የሚያሻግር ክፍል ቢረክስም ተዪው።

እኔ ክፍል የማየው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ቀን ባዶ የሚመስለው ቤት ያን ጊዜ ስንት ሰው እንደሚያድርበት፣ ሻወሩ ምን ያህል ወረፋ እንዳለው ይታያል። የፍራሹን ማዕዘን አንሥተሽ ስፌቱን ተመልከቺ፤ እንደ ተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ያለ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ትኋን አለ።

ዲፖዚት ስትከፍዪ ስም፣ የክፍል ቁጥር፣ ገንዘቡና ቀኑ፣ መብራት፣ ውሃና ኢንተርኔት ይካተቱ እንደሆነ፣ ለመልቀቅ ስንት ቀን ቀድመሽ እንደምታሳውቂ በጽሑፍ ይስፈር። «ሰው እንዳይቀድምሽ አሁኑኑ ላኪ» ካለሽ ሰው ጋር ንግግሩን እዚያው አቁሚ።

በመጨረሻ ልለምንሽ፦ ለሌሎች ብለሽ ቤት በስምሽ አትያዢ። «አንቺ ቪዛሽ ጥሩ ነው፣ ውሉን በስምሽ እናድርገው» ይሉሻል። የዓመቱ ኪራይ ወደፊት የሚመነዘሩ ቼኮች ተጽፈውለት ነው የሚከፈለው፤ ልጆቹ አንድ በአንድ ሲለቁ ዕዳው ያንቺ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ስንቅ የሌለው ቼክ በአብዛኛው ወንጀል መሆኑ ቢቀርም፣ ባለቤቱ በቀጥታ ወደ አፈጻጸም ፍርድ ቤት ሊወስደው ይችላል፤ የጉዞ እገዳም ሊከተል ይችላል። ያኔ እናትሽ ብትታመም እንኳ አገር መግባት ያቅትሻል።

3. ደመወዝ መመደብ

ማዳም ቤት ሳለሽ ደመወዝሽ ሳይነካ ወደ አገር ይሄድ ነበር። አሁን ኪራይ፣ ትራንስፖርትና ምግብ ይካፈሉታል። ይህን ለቤተሰብሽ ከመውጣትሽ በፊት ንገሪያቸው፤ የገንዘቡ ማነስ ያለ ምክንያት አይምሰላቸው። የአንድ ወር ኪራይ መጠባበቂያ እስክታስቀምጪ ድረስ ዕቁብ አትግቢ።

ስትልኪም ፈቃድ ባለው የገንዘብ መላኪያ ይሁን። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የባንኩ ምንዛሪ ከቀድሞው በጣም ተሻሽሏል። የሥራ ማጣት መድንም ግቢ፤ አብዛኛው የድርጅት ሠራተኛ በወር 5 ድርሃም ብቻ ይከፍላል፣ ግዴታም ነው። ቢያንስ 12 ወር ከከፈልሽ በኋላ ያለ ጥፋትሽ ከሥራ ብትሰናበቺ ከመሠረታዊ ደመወዝሽ 60 በመቶውን እስከ ሦስት ወር ታገኛለሽ።

4. መንገድ፣ ስልክና ወጥ

ለሜትሮና ለአውቶቡስ የኖል ካርድ አውጪ፤ ከዩኒየን ጣቢያ ወደ ሻርጃ አውቶቡስ ኢ303፣ ወደ ዓጅማን ኢ400 ይወስዱሻል። ፖሊስ ነኝ ወይም ባንክ ነኝ ብሎ ስልክሽ ላይ የገባውን የማረጋገጫ ቁጥር ለሚጠይቅሽ ማንም ይሁን ማን አትንገሪ። ወጥን በተመለከተ፣ በጋራ ኩሽና በየቀኑ ሽንኩርት መክተፍ ጠብ ያመጣል፤ በዕረፍትሽ ቀን የሳምንቱን ቁሌት አንዴ አብስዪና በየትንሹ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ።

5. ቀኖቹን መያዝ

ቪዛሽ፣ ኢሚሬትስ አይዲሽ፣ የጤና መድንሽና ፓስፖርትሽ የሚያበቁባቸውን ቀኖች ዛሬውኑ ስልክሽ ላይ መዝግቢ። የፓስፖርቱን ማስታወሻ ከአንድ ዓመት በፊት አድርጊው፤ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ዱባይ ወዳለው ቆንስላችን የምትሮጪው አንቺ ነሽ፣ ከእንግዲህ የሚያስታውስልሽ ማዳም የለም።