ካይዘን በወርክሾፕ ከምን ይጀምራል?

ጥያቄ፦ በአነስተኛ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ካይዘንን ለመተግበር አዲስ ማሽን መግዛት ግድ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ካይዘን (አሠራርን ያለማቋረጥ ደረጃ በደረጃ ማሻሻል) የሚጀምረው ብክነትን ከመለየት ነው። በኢትዮጵያ የተለመዱት አምስቱ «ማ»ዎች፣ ማለትም ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ፣ ለዚሁ ያገለግላሉ። በማጣራት ጊዜ በማያስፈልግ ዕቃ ላይ ቀይ ካርድ ይለጠፋል። ከዚያ በማስቀመጥ ጊዜ የየመፍቻው ቅርጽ በሰሌዳ ላይ ይሳላል፤ 17 ቁጥር መፍቻ ሲጎድል ባዶው ቅርጽ ወዲያው ያሳብቃል፣ ሠራተኛውም በፍለጋ ሲንከራተት አይውልም። ጽዳቱም እግረ መንገዱን ምርመራ ነው፤ ዘይት የሚያንጠባጥብ ማሽን ሲወለወል ይታወቃል። አስቸጋሪው ማዝለቅ ነው። ጎብኚ ሲመጣ ብቻ የሚጸዳ ወርክሾፕ (ብርቅ አይደለም) ካይዘንን ተገበረ አይባልም። ስለዚህ ከሠራተኞቹ የተዋቀረ የካይዘን ልማት ቡድን በየሳምንቱ ተገናኝቶ አንድ ችግር ይመርጣል፣ መንስኤውን ይመረምራል፣ መፍትሔውን በሥራው ላይ ይሞክራል፤ የተሳካው አሠራር ተጽፎ ለሁሉም ፈረቃ ይሰጣል።