ለሮቤና ለጎባ ቤት የመሠረት ጥገና ገንዘብ ከመላክዎ በፊት

በባሌ፣ በሮቤ ዙሪያና በሲናና ሜዳ ስንዴውን የሚያፋፋው ጥቁር አፈር ለቤት መሠረት አይመችም። ይህ ሸክላማ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተርና ይሰነጣጠቃል፤ በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት እንደሚሸፍን ይገመታል። ችግሩ በባሌ የሚብሰው ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ ነው፤ ገበሬው አንዱን ወቅት ‹ገና›፣ ሌላውን ‹ቦና› ይለዋል። ቤቱን የሚሰነጥቀው እብጠቱ ራሱ ሳይሆን እኩል አለመሆኑ ነው። የጣሪያ ውሃ የሚወርድበት ጥግ ሲነሣ በሌላው ጎን ያለው ደረቅ አፈር ባለበት ይቆያል፤ ስንጥቁም ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ በብሎኬቱ መጋጠሚያ ደረጃ እየሠራ ይወርዳል። ስለዚህ ለጥገና የተመደበው ገንዘብ መጀመሪያ ምክንያቱን ለማወቅ፣ ቀጥሎ ውሃውን ከቤቱ ለማራቅ፣ ኮንክሪት ለመሙላት ደግሞ መጨረሻ ላይ ቢወጣ ይሻላል። በተግባር የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው። ውጭ አገር ያለ ባለቤት የሚከፍለው በስልክ ለሚያየው ነገር ነው፤ በስልክ የሚታየው ደግሞ ልስንና ቀለም ነው።

የአባቶቻችን የጭቃ ቤት በዚሁ አፈር ላይ ስንት ዘመን ቆሞ የለም ወይ የሚል ይኖራል። ቆሟል፤ እንጨቱና ጭቃው ቀላል ነው፣ ከአፈሩ ጋርም አብሮ ይለመጣል፣ የተላቀቀውን ጭቃ በየዓመቱ መምረግም የተለመደ ሥራ ነው። ብሎኬት ግን ከባድና ግትር ነው፤ ትንሽ ሲነሣ ይሰነጠቃል እንጂ አይለመጥም። በዳላስ አካባቢ የሚኖሩ አንባቢዎች ይህን ከእዚያው ያውቁታል፤ ከቤታቸው ሥር ያለው አፈር የዚህ ዘመድ ነው፣ የቤት መድን ውልም አብዛኛውን ጊዜ የመሬት መንቀሳቀስን አይሸፍንም። ሆኖም እዚያ በማሽን እየተገፋ የሚገባውን የብረት ምሰሶ እዚህ ለማሠራት ማሰብ አያዋጣም። እዚህ በእጅ የሚሠራው ብዙ ነው፤ ለውሃው የሚበቃ አሸንዳ፣ ከግድግዳው የሚርቅ ቦይ፣ በቤቱ ዙሪያ ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ መራመጃ፣ የሚያፈስ ሴፕቲክ ታንክ ማስጠገን፣ ለግድግዳው የቀረበ ባሕር ዛፍ መቁረጥ (ዛፉ ከመሠረቱ ሥር ውሃ ይመጥጣልና)። ጥቁሩን አፈር አውጥቶ በቀይ አሽ መሙላት ብዙ ጊዜ ይመከራል፤ መውጫ ቦይ ካልተሠራለት ግን ሙሌቱ ራሱ ውሃ የሚያቁር ገንዳ ይሆናል። ወደ ሳነቴ ከፍታ በተጠጋችው ጎባ፣ በተዳፋት ላይ ለተሠራ ቤት፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ ከግድግዳው አጠገብ የሙከራ ጉድጓድ ማስቆፈር፣ አፈሩንም ማስመርመር ያስፈልጋል። መሠረቱ ጥቁሩን አፈር አልፎ ወርዷል ወይስ ላዩ ላይ ቀርቷል የሚለውን በግምት መመለስ አይቻልም። የስንጥቁ ጫፍ በእርሳስ ይሰመርበት፣ ቀን ይጻፍበት፣ ሁለቱም ዝናም እስኪያልፉ ይታይ። እስከዚያ ቤቱ ቢወድቅስ? ግድግዳው ካዘመመ ወይም ስንጥቁ በየሳምንቱ ከሰፋ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ወዲያው ይደገፍ፣ ሰውም ከውስጡ ይውጣ። አብዛኛው ስንጥቅ ግን እንዲህ አይጣደፍም፤ የሚያጣድፈው ሥራውን የሚፈልገው ሰው ነው። ስለዚህ የሚመረምረው መሐንዲስ ከሚጠግነው ተቋራጭ የተለየ ይሁን፣ ክፍያውም ለብቻው ይሁን። ወንድም ወይም አጎት ቁሳቁስ ሊቆጣጠር ይችላል፤ የመሠረትን ጥልቀት እንዲፈርድ መጠየቅ ግን እሱንም መበደል ነው።

መሠረትን ከሥር ማጠናከር ካስፈለገ የሚቆፈረው አንድ ሜትር ያህል እየተዘለለ፣ ተራ በተራ ነው፤ አንዱን ጎን በሙሉ በአንድ ጊዜ መክፈት ቤቱን መጣል ነው። ይህ አሠራር ለከፋዩም ይመቻል። እያንዳንዱ ክፍል ሳይሸፈን ጥልቀቱ በሜትር፣ ፌሮው በፎቶ ይታይ፤ መሐንዲሱ ሲያጸድቅ ለዚያ ክፍል ብቻ ይከፈል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሁሉንም ዶላር በአንድ ጊዜ መላክ የሚያጓጓ አይደለም። ተቋራጮች ቅድሚያ ካልተከፈለን ሲሚንቶና ብረት አንገዛም ይላሉ፤ እውነት አላቸው። መፍትሔው ቁሳቁሱን በባለቤቱ ስም በደረሰኝ መግዛት፣ የእጅ ዋጋውን በየደረጃው መክፈል ነው።

ለሕግ ዋስትናም ቦታ አለ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ለሥራው ጽናት ዋስ ነው፤ ጉዳቱ ከመሬቱ ጠባይ የመጣ ቢሆንም እንኳ። ይህን ዘመን የሚያሳጥር ውልም አይጸናም። ቤትዎ ከተሠራ 10 ዓመት ካልሞላው አዲስ ጥገና ከመዋዋልዎ በፊት የመጀመሪያውን ውልና የርክክብ ሰነድ ያፈላልጉ። ተቋራጩ ላይገኝ፣ ቢገኝም ባዶ እጁን ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በአዲሱ ውል ከክፍያው የተወሰነው ሁለት ዝናም እስኪያልፍ በእጅዎ ይቆይ። መሐንዲሱ መሠረቱ በሙሉ ጥቁሩ አፈር ላይ ተንሳፍፎ እንደቀረ ካረጋገጠ፣ የጥገናውንና የአዲስ ግንባታውን ዋጋ ጎን ለጎን ያሠሩ፤ ለአንድ ፎቅ አልባ ቤት አፍርሶ መሥራቱ የሚረክስበት ጊዜ አለ።