የየቲም አማና በስልክ ሲተላለፍ

ሰዎች ገንዘብን በስልክ ለመቀበልና ለመላክ የሚፈቅዱት ወይም የሚያመነቱት ስለ ምንድን ነው? የዛሬው ትምህርታችን ይህን ይመለከታል።

ጥያቄውን ያስነሣችብን አንዲት የሦስት የቲሞች እናት ናት። ወርኃዊ ድጋፏን በቴሌብር እንድትቀበል ስንነግራት «በእጄ ቁጠሩልኝ» ብላ እንቢ አለች። አለማወቅ መስሎን ነበር። ቀርበን ስንጠይቅ ግን ስልኩን የያዘው የሟች ባሏ ወንድም ነው፤ የምስጢር ቁጥሩንም የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው። ሥጋቷ ተገቢ ነበር፤ የተሳሳትነው ሳንጠይቅ የመዘገብነው እኛ ነን።

ፍሬድ ዴቪስ የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው አዲስ መሣሪያን የሚቀበለው ጠቃሚነቱንና ቀላልነቱን መዝኖ እንደሆነ አስረድተዋል። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎችም የአካባቢ ሰዎችን ተጽዕኖና መተማመንን ጨመሩበት። በኬንያ በ2007 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኤም-ፔሳ የተስፋፋው፣ ከተማ የሚሠራ ሰው ለገጠር ቤተሰቡ ገንዘብ እንዲልክ ስላስቻለና ወኪሎቹ በየሱቁ ስለተገኙ ነው። በአገራችን በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብርም ተራ ስልክ የያዘን ሰው በ*127# ያገለግላል።

ሙስሊሙን የሚያሳስበው ሌላው ጉዳይ ወለድ ነው። ገንዘብ ማስተላለፍ አንድ ነገር ነው፤ በስልክ የሚቀርብ ብድርና ቁጠባ ደግሞ ሌላ ነው። ወደ ሁለተኛው ከመግባት በፊት ውሉን መመርመርና ዑለማእን መጠየቅ ይገባል።

ሱረቱ-ን-ኒሳእ በ6ኛው አንቀጹ የየቲም ንብረት ሲመለስለት ምስክር እንዲቆም ያዛል። የስልክ መልእክትም ለሒሳባችን ማስረጃ ይሆናል። ሆኖም የሚመሰክረው ገንዘቡ ወደ ቁጥሩ መግባቱን ብቻ ነው፤ ለየቲሙ መድረሱን ማረጋገጥ የእኛ ግዴታ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ለጋሾች ሆይ! ከመላካችሁ በፊት በስልኩ ላይ የሚታየው ስም የተቀባዩ መሆኑን አረጋግጡ። አሳዳጊዎች ሆይ! የምስጢር ቁጥራችሁን ለማንም፣ ለእኛም ቢሆን፣ አትንገሩ። ያቺ እናት በራሷ ስም ቁጥር አወጣች፤ ማንበብ የምትችለው የመጀመሪያ ልጇም መልእክቱን ታነብላታለች። የመጀመሪያውን ገንዘብ ከሰፈሯ ወኪል ዘንድ ራሷ ቆጥራ ስትቀበል አብረናት ነበርን። ከዚያ ወዲህ በእጅ ይሰጠኝ አላለችም።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።