የአንዲት የደጋ መንደር ኑሮና ንብረት

ስለ ገበሬው ኑሮ በስብሰባም በጽሑፍም ብዙ እንናገራለን። ነገር ግን ገበሬው «ይህ የኔ ነው» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ቆም ብለን የጠየቅነው ጥቂት ጊዜ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በጎጃም፥ በጮቄ ተራራ ግርጌ ያሉትን መንደሮች ምሳሌ አድርገን፥ የደጋው ገበሬ ምን እንዳለውና ያለውንም በምን መብት እንደያዘው ለመመርመር እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ሀብቱን እንቁጠር። ገበሬው ገብስ፥ ስንዴ፥ ባቄላና ድንች የሚያበቅልበት መሬት አለው። መሬቱን የሚለካውም በጥማድ ነው፤ ይኸውም አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ሲሆን፥ አራት ጥማድ ወደ አንድ ሄክታር ይጠጋል። ከዚያም ጎጆው፥ ጎተራው፥ ጥቂት በግ፥ በወሰኑ ላይ የተከለው ባሕር ዛፍ ይመጣል። ባሕር ዛፉ የገበሬው ባንክ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ለሠርግ፥ ለተዝካር ወይም ለሕክምና ገንዘብ ሲያስፈልግ ተቆርጦ የሚሸጠው እርሱ ነውና።

ከሁሉ በላይ ግን የሰውን ደረጃ የሚወስነው በሬ ነው። ጥንድ በሬ ያለው በጊዜው ያርሳል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ከብጤው ጋር መቀናጆ ገብቶ በተራ ያርሳል። በሬ የሌለው ደግሞ የጉልበት ሥራ ሠርቶ በሬ ይዋሳል፥ ወይም መሬቱን የእኩል ሰጥቶ የምርቱን ግማሽ ይቀበላል። በወንፈልና በደቦ የሰው ጉልበት ይገኛል፤ ዝናቡ ሲያልፍ ግን በሬ የሚያውስ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል። ባሏ የሞተባት፥ ልጆቿ ያልደረሱላት ሴት መሬቷን ለባለ በሬ ጎረቤቷ የእኩል ትሰጣለች። በመጽሐፍ አነጋገር ባለመሬቷ እርሷ ናት፤ አራሹ እርሱ ነው። በኑሮ ግን ድኻዋ እርሷ ናት፤ የደላው እርሱ ነው። እንግዲህ ባለመሬት ሁሉ በዝባዥ፥ አራሽ ሁሉ ተበዝባዥ የሚመስለን ከሆነ በዚች መንደር ፍርዳችን ይገለበጣል።

ሁለተኛው ጥያቄ የመብቱ ነገር ነው። በዚህ አገር የቆየው ሥርዓት ርስት ነበረ። ርስት ማለት ተከልሎ የተሰጠ ቁራሽ መሬት ማለት ብቻ አይደለም፤ የመጠየቅ መብት ነው። አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት የሚወለድ ሁሉ፥ ወንድም ሆነ ሴት፥ በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቆጥሮ ድርሻ አለኝ ለማለት ይችል ነበር፤ ዘመን ቢያልፍም መብቱ አይሻርም። ጉልት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ባለጉልቱ ከባለርስቱ ላይ ግብር የሚቀበል እንጂ በጉልትነቱ መሬቱን የሚያርስ አልነበረም።

የርስት ሥርዓት መልካም ጎን ነበረው፤ የድኻ ልጅም ቢሆን ተስፋ አይቆርጥም ነበርና። ጉዳቱም እንዲሁ ግልጽ ነው። ጠያቂው ብዙ፥ መሬቱ ግን ያው ስለሆነ፥ ድርሻውን የሚያገኘው ትውልድ ቆጥሮ የሚያስረዳ፥ ወገን ያለው፥ ለሙግት ስንቅና ጊዜ የማያጥረው ሰው ነበር። በብዙ ስፍራም ሸማኔው፥ ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው፥ ማረሻውን እየሠሩለትና ጋቢውን እየሸመኑለት፥ ባዕድ ተብለው ከርስት ተከልክለው ኖረዋል።

ከኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ሲወጡ በዓይናቸው የነበረው በተለይ የደቡቡ ጭሰኛ ነበረ፤ ጥያቄያቸውም እውነተኛ ነበረ። የጎጃም ባለርስት ግን ስለ መሬት ለውጥ የሚነገረውን ሁሉ በስጋት ይሰማ ነበር። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ በ1960 ዓ.ም. ያመፀውም ከገንዘቡ ይልቅ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ የሚነጠቅ ስለመሰለው ነው። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ቢያዘምትም ግብሩን ለማስፈጸም አልቻለም። ይህን ዐመፅ ድንቁርና ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ገበሬው ምን እንዳለው ሳይጠየቅ ሊሻሻልለት እንደማይችል ያስተምራል።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ። የአንድ ቤተ ሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ መሸጥንና ማከራየትን፥ በቅጥር ጉልበት ማሳረስንም ከለከለ። ሆኖም መተዳደሪያ የሌላትን ሴት፥ ሕመምተኛውንና ሽማግሌውን ከቅጥሩ ክልከላ ነፃ አድርጓል። ጭሰኛው ከባላባት እጅ ወጣ፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ይዞታን የሚያጸናውም የሚነቅለውም ባላባቱ መሆኑ ቀርቶ ሹሙ ሆነ። ይህም በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተደረገው ሽግሽግ ታየ፤ በቀድሞው መንግሥት የቀበሌ ሥራ ያገለገሉ ገበሬዎች «ቢሮክራት» ተብለው ከ4 ጥማድ በላይ እንዳይዙ ተደረገ። ገበሬውም መሬቱን የሚያሳጣው ስንፍና ብቻ እንዳልሆነ ተማረ።

ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ ሁለት ነገር ተለውጧል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፥ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽም በክልሉ የይዞታ ደብተር መሰጠት ጀመረ። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን መለጠፉ ቀላል ነገር አይምሰለን፤ ከፍቺ ወይም ከሞት በኋላ «መሬቱ የወንድሜ ነበር» ለሚል ዘመድ መልሱ እዚያው ተጽፏል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ የመጠቀም መብትን ለብድር ማስያዝ ፈቅዷል።

ደብተሩ ግን መሬት አይወልድም። አራት ጥማድ ያለው አባት አራት ልጆች ቢኖሩት ለያንዳንዱ አንድ ጥማድ ይደርሰዋል፤ በዚያ ላይ ጎጆ ወጥቶ፥ በሬ ገዝቶ፥ የማዳበሪያ ዕዳ ከፍሎ መኖር አይቻልም። ዛሬ በመንደሩ ጭሰኛ የለም፤ በወላጁ ማሳ ላይ እያረሰ የራሱ ይዞታ የሌለው ጎልማሳ ግን አለ። አንዱ ወንድም ትምህርት ቤት ሲሄድ ድርሻውን ለቀሪው የሚተውለት ብዙ ጊዜ ነው፤ ከኛም መካከል በዚህ መንገድ እዚህ የደረስን አለን። የተማርነው በሌላው ወንድም ትከሻ ላይ ነውና የመሬቱ ጥያቄ የሩቅ ሰው ጥያቄ አይደለም።

ስለዚህ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ በሚለው ክርክር ወገን ለይተን ከመሰለፋችን በፊት፥ በየጥናት ክበባችን እነዚህን ጥያቄዎች እንድንወያይባቸው እናሳስባለን።

1. መሬት ቢሸጥ፥ በሬ የሌላት ባለ ደብተር ሴት በክፉ ዘመን መሬቷን ማን ይገዛታል? ባይሸጥስ ከእኩል ዐራሽ ጥገኝነት በምን ትወጣለች?

2. ይዞታ የሌለው ወጣት ከመሬት ሌላ ምን ዓይነት ንብረትና ሥራ ሊያገኝ ይችላል?

3. ገበሬው ያለሹም ፈቃድ የሚጸናለት መብት ምን ምን ነው?

በመጪው ክረምት ወደየቀያችን ስንመለስ፥ ንግግር ከማድረጋችን በፊት በእርሻው ዳር ተቀምጠን እንጠይቅ፤ በሬው የማን ነው? መሬቱስ በማን ስም ነው? ምርቱ ሲከፈል ለማን ስንት ይደርሳል? የሚሰጠንን መልስ በሚገባ ጽፈን ይዘን ብንመለስ፥ ለሚቀጥለው ዓመት ክርክራችን ከብዙ መፈክር የበለጠ ይጠቅመናል።