መኪናውን ከፍ ላስደርግ ላልከኝ ልጅ

ልጄ፣ ራቭ ፎር መግዛትህን ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለህ። ሦስት ኢንች ከፍ ላስደርጋት፣ ጥርሳም ጎማ ላስገጥምላት፣ ምን ይላሉ ብለህ ጠይቀኸኛል። ዕድሜዬን ከመሪ ኋላና ከመኪና ሥር የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ የማውቀውን እነግርሃለሁ። በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ፣ ብትበላሽ ሌላ እገዛለሁ የሚባልበት ጊዜ አልፏል። ስለዚህ ያለችህን አትጉዳት። የእኔ ሐሳብ ባጭሩ ከፍታው የመጨረሻው ወጪህ ይሁን የሚል ነው። ምክንያቱን በተራ በተራ አስቀምጬልሃለሁ።

1. መንገድህን እወቅ።

አንተ የምትመላለስበት፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በኦሎንኮሚ አድርጎ ጊንጪ የሚደርሰው፣ ወደ አምቦም የሚያልፈው መንገድ አስፋልት ነው። ለእሱ የፋብሪካው ቁመት ይበቃል። ጣጣው የሚጀምረው ከአስፋልቱ ስትታጠፍ ነው፤ እሱም ሁለት ዓይነት ነው። ወደ ጭልሞ ደን ወይም ወደ ደንዲ ሐይቅ ከፍታዎች ሽቅብ ስትል የሚገጥምህ ድንጋይና ጎርፍ የቦረቦረው ቦይ ነው። እዚያ ኮፓህን ወይም ማርሚታህን የሚመታ ነገር ስላለ ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት ይጠቅማል፤ አልክድህም።

ሜዳው ላይ የሚጠብቅህ ግን መረሬ ነው። መረሬ ሸክላነቱ የበዛ፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጠቅ፣ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ የሚያብጥ አፈር ነው። ሐምሌ ላይ አንዴ ከጠገበ ጎማህ ላይ እየተጠቀለለ ይከተልሃል። የጎማው ጥርስ የቱንም ያህል ጥልቅ ቢሆን በጥቂት ዙር ይደፈናል፤ ከዚያ ወዲያ አራት ለስላሳ በርሜል ገጥመህ እንደመንዳት ነው። በዚህም አያበቃም። ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል እየተጠቀጠቀ ሄዶ ጎማውን ራሱን አላዞር ይላል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍሪሲዮኑ ይሸታል፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አትልም። ትልቅ ጎማ የገጠመ ሰው እዚህ ላይ የባሰ ይቸገራል፤ ክፍተቱን በጎማው አስቀድሞ ጨርሶታልና።

መካኒክ ነኝ የሚሉም የሚስቱት አንድ ነገር አለ። በእንዲህ ያለ መኪና የፊት እግር ላይ ሞላው የሚቀመጥበት ሳህን ከሾክ አብዞርበሩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከጎማው ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። አምስት ሴንቲ ሜትር ብታነሳት እንኳ በጎማውና በዚያ ሳህን መካከል ያለው ርቀት አይለወጥም። «ከፍ ካልን ትልቅ ጎማ እንደልብ ይገባል» የሚልህ ካለ፣ መኪናዋን በክሪክ ያንሳና በጣቱ ለክቶ ያሳይህ።

የደንዲ ወረዳ ገበሬ መረሬን ያውቀዋል። ሽምብራና ጓያ የሚዘራበት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ውሃው ሲጎድል ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ የመረሬ ተመራማሪዎች ጊንጪን ጨምሮ በተለያዩ ቦታዎች የሞከሩት መሣሪያም፣ በበሬ እየተጎተተ ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣ፣ ዋና ሥራው ውሃውን ማጠንፈፍ የሆነ ነበር። ገበሬው ውሃው እስኪወርድ የሚጠብቀውን፣ ምሁሩም ውሃውን የሚያጠነፍፈውን አፈር በራቭ ፎር ልድፈር ማለት ጤና አይደለም።

2. ከፍ ከማድረግህ በፊት ወርዳ እንደሆነ እይ።

የአሥራ አምስት፣ የሃያ ዓመት መኪና ሞላው ይደክማል፤ በተለይ የኋላው። የቀድሞው ባለቤት ጤፍና ሲሚንቶ ሲጭንባት ኖሮ እንደሆነ ማን ያውቃል። ማደያ ግባና ደልዳላ ወለል ላይ አቁማት። በሜትር ከጎማው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በአራቱም ማዕዘን ለካና ጻፈው። ግራና ቀኙ ከተለያየ፣ ወይም ኋላዋ ተቀምጦ ፊቷ ቀና ካለ፣ መድኃኒቱ አዲስ ሞላ ነው። መለዋወጫ ፍለጋ ሱማሌ ተራ ስትወርድ የሻሲ ቁጥሯን ይዘህ የራሷን ዓይነት ጠይቅ። ከተፈታ መኪና የወጣ ሞላ ቀለም ቢቀባም ያው የደከመ ነው። በደከመ ሞላ ላይ ማንሻ ቁራጭ (ስፔሰር) ብትጨምር ባዶዋን ስትቆም ታምርልሃለች፤ አምስት ሰውና ሁለት ጆንያ ሲገባ ግን ተመልሳ ቁጭ። ብዙ ሰው «ከፍ አስደረግሁ» የሚለው፣ ሞላ ቢቀይር ኖሮ በነፃ ያገኘው የነበረውን ቁመት ነው።

እግረ መንገድህን ጎንበስ ብለህ ሆዷን እይ። ራቭ ፎር ሁሉ በአራት እግሩ አይነዳም። ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግ ከሌላት በፊት ጎማዋ ብቻ የምትሄድ ናት፤ ያንን ከፍታ አይለውጠውም።

3. ገንዘብህን መጀመሪያ ጎማ ላይ አውል።

ጎማው ጎን ላይ 225/65 አር 17 የሚል ካየህ፣ ወርዱ 225 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የወርዱ 65 በመቶ፣ ቸርኬው ደግሞ 17 ኢንች ነው ማለት ነው። ከመሬት እስከ አናቱ ሲሰላ 724 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ወርዱንና ቸርኬውን ሳትነካ ወደ 225/70 ብትሄድ ወደ 747 ያድጋል። ልዩነቱ 23 ሚሊ ሜትር ነው፤ መኪናዋን ከመሬት የሚያነሳት ግን ግማሹ ብቻ ነው፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ከምናምን። በአጸፋው ቆጣሪህ 100 ሲል አንተ በ103 እየሄድክ ነው፤ ማርሹም ይከብዳል፣ ሽቅቡ ላይ ይሰማሃል። እኔ ብሆን የፋብሪካውን ልክ አልለቅም። ብለቅም ከአንድ ደረጃ አላልፍም፤ እሱንም መሪውን ጥግ ድረስ በሁለቱም አቅጣጫ አዙሬ፣ ከኋላ ሰው ጭኜ፣ የትም እንደማይነካ አይቼ ነው።

ስለ ዓይነቱ፦ ኤች ቲ የተጻፈበት የአስፋልት ነው። ኤም ቲ የጭቃ ይባላል፤ ጥርሱ የተራራቀ፣ አስፋልት ላይ የሚያጉረመርም፣ ዝናብ በመታው አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ የሚያንሸራትት ነው። መረሬ እሱንም ይደፍነዋል፤ አንተ ደግሞ ኪሎ ሜትርህን የምትጨርሰው ከአዲስ አበባ ጊንጪ ባለው አስፋልት ላይ ነው። ለአንተ የሚሆነው በመካከል ያለው ኤ ቲ ነው። ዋናው ጥቅሙ ጥርሱ አይምሰልህ። ጠጠር መንገድ ላይ ስል ድንጋይ ጎኑን እንዳይቀደው ደንደን ብሎ መሠራቱ ነው። የተወጋ ጎማ የትኛውም ጎሚስታ ይደፍንልሃል፤ ጎኑ የተቀደደ ግን ለጫማ ሠሪ ካልሆነ አይሆንም። ኤል ቲ የሚል ለፒክአፕና ለጭነት የተሠራውን ግን ተው። ይከብዳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ፍሬኑን ያደክማል፣ ቀላል መኪና ላይ ደግሞ እንደ ድንጋይ ያነጥራል።

ስትገዛ ሻጩ ጎማውን በቀለም አብረቅርቆ ያቀርብልሃል። አንተ ዲ ኦ ቲ የሚለውን ፈልግ፤ መጨረሻው ላይ አራት ቁጥር አለ። 2319 ካለ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አንዳንዱ ጎማ ይህ ቁጥር በአንድ ጎኑ ብቻ ስላለው አገላብጠህ እይ። ስድስት ዓመት ያለፈውን መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አልገዛውም፤ ላስቲክ ቁጭ ብሎም ይደርቃል። የጭነት ቁጥሩም በሩ ጎን ላይ ከተለጠፈው ከፋብሪካው ቁጥር አይነስ።

በአራት እግሯ የምትነዳ ከሆነች አራቱንም አንድ ላይ ቀይር። ሁለት አዲስና ሁለት ያለቀ ካደረግህ ዙራቸው ስለሚለያይ፣ የፊቱንና የኋላውን ኃይል የሚያገናኘው ክፍል እየተፋተገ ይግላል፤ እሱን ማሠራት ደግሞ ከአራት ጎማ በላይ ያስወጣሃል። ስኮርት ጎማህም ልኩ ይኸው ይሁን።

4. ከጎማው ቀጥሎ ላሜራ።

ከሞተሩ ሥር ጠንካራ ላሜራ አሳስር፤ ዘይት ማፍሰሻው ጋ ቀዳዳ ይኑረው። ኮፓህን ከድንጋይ የሚያድነው ከሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይልቅ እሱ ነው። በክረምት ግን ጭቃ ስለሚታጨቅበት እየፈታህ እጠበው።

5. አሁን ወደ ከፍታው እንምጣ።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ሆዷ የሚመታ ከሆነ ከፍ አስደርጋት። ሦስት ሴንቲ ሜትር፣ ቢበዛ አራት። ሦስት ኢንች ማለት ሰባት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ ለሻሲያማ ላንድክሩዘር የሚሆን ለእሷ አይሆንም። ጎማውን የሚነዳው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ሲቪ ጆይንት የተሠራው ለአንድ ማዕዘን ነው። ሰውነቷ ከፍ ሲል ዘንጉ ወደታች ይዘቀዝቃል፣ ግሪሱን የያዘው የላስቲክ ሽፋን እጥፋቱ እርስ በርሱ ይፋተጋል፣ አንድ ቀን ይቀደዳል። ከዚያ አሸዋና ውሃ ይገባና መሪውን ስታዞር ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል። የፊት ጎማዎቹም ከላይ ወደ ውጭ ዘንበል ስለሚሉ በአንድ ጎናቸው ያልቃሉ።

ሾክ አብዞርበሩ አናት ላይ የሚገባው ስፔሰር በቶርኖ ቤት በልኩ የተሠራ፣ ቀዳዳው ከመኪናዋ ቡሎን ጋር የሚገጥም፣ ቡሎኑም ዳዶውን ሙሉ በሙሉ የሚያሳልፍ ርዝመት ያለው ይሁን። ስፔሰር በስፔሰር ላይ መደራረብ፣ የሾክ አብዞርበሩን ሳህን ቆርጦ መበየድ፣ በሞላው ቀለበቶች መካከል የጎማ ቁራጭ መወተፍ፣ እነዚህን የሚያቀርብልህን ሰው አመስግነህ ውጣ። ኋላዋ ላይ ደግሞ ሞላው ከጎማው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የተቀመጠ ከሆነ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ስፔሰር ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ ያነሳል። እኩል ውፍረት አዘህ ኋላዋ ተሰቅሎ ቢቀር ቶርኖውን አትሳደብ።

ሥራው እንዳለቀ ቁልፉን ተቀብለህ እብስ አትበል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው። መካኒኩ በክሪክ አንስቶ በጠንካራ መቆሚያ ካስደገፋት በኋላ፣ እግሯ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ሥሯ ግባ። የፍሬኑ ላስቲክ ቱቦ ተወጥሯል? የኤ ቢ ኤሱ ሽቦስ? መሪውን ዳር እስከ ዳር ያዙርልህና ተመልከት። የአርሞቹ ቡሺንግ ቡሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናዋ መሬት ላይ በራሷ ክብደት ከቆመች በኋላ ነው። እግሯ ተንጠልጥሎ ከተጠበቁ ላስቲኩ ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ይኖርና በወራት ውስጥ ይበጣጠሳል። ይህን የሚያደርግ ጋራዥ ጥቂት ነው፤ ቆመህ አስደርግ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ዊል አላይመንት፣ ከሳምንት በኋላም ተመልሰህ ቡሎኖቹን አስነካ።

የፊት መብራትህንም ዝቅ አስደርግ። አፍንጫዋ ሲነሳ መብራቱም ይነሳል፣ ከአምቦ በማታ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ታጠፋለህ።

6. ንፋስ።

ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለካ፤ ልኩ የሾፌሩ በር ጎን ላይ ተለጥፏል። ረጅም የድንጋይ መንገድ ስትገባ ከአምስት እስከ ስድስት ፒ ኤስ አይ መቀነስ ጎማውን ያለሰልሰዋል፣ አንተንም ያሳርፍሃል። ግን አስፋልት ላይ ሳትወጣ መልሰህ ሙላው፤ የጎደለ ጎማ በፍጥነት ሲሄድ ግሎ ይፈነዳል። በሲጋራ ማቀጣጠያው የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ግዛ። ሞቆ ሳለ ለክተህ «በዛ» ብለህ ግን አታስተንፍስ።

7. ወረቀቱንም አትርሳ።

ቦሎ የምታወጣበትን መሥሪያ ቤትና የመድን ድርጅትህን አስቀድመህ ጠይቅ፤ መልሳቸውንም በጽሑፍ ያዝ። አደጋ ሲደርስ «ሳትነግረን ቀይረህ» መባል አይጠቅምህም።  

ወረቀቱን ጨርሰህ መንገድ ስትወጣም፣ ከፍ ያለች መኪና በማዞሪያ ላይ የበለጠ እንደምትተኛ አትርሳ። ጣሪያዋ ላይ ጭነት አትጨምርባት፤ ወደ ጉደር የሚወስደውን ቁልቁለትም በፊት እንደለመድከው አትውረደው።

8. ክረምት ሲገባ።

ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መረሬ ሜዳ የምትሻገርበት ጉዳይ ካለህ መኪናዋን አስፋልቱ ዳር፣ የምታምነው ሰው ግቢ አቁማትና በፈረስ ወይም በእግርህ ሂድ። የግድ ገብተህ ከተያዝክ ነዳጅ አትርገጥ፤ ባዞርከው ቁጥር ትሰምጣለህ። ወርደህ ከጎማዎቹ ፊት ያለውን ጭቃ በአካፋ ጥረግ፣ በፓራፋንጎው ውስጥ የተጠቀጠቀውን በእንጨት ጎርጉረህ አውጣ፣ ድንጋይ ወይም ጭራሮ አንጥፍና በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብለህ ሞክር። አካፋ፣ ጠንካራ ገመድና ክርን የሚያህል ወፍራም ጣውላ ኋላ ወንበሯ ሥር ይኑርህ። ጣውላው የክሪክህ መቀመጫ ነው። መረሬ ላይ ባዶውን ያቆምከው ክሪክ መኪናዋን በማንሳት ፈንታ ራሱ ወደ መሬት ይገባል፤ ጣውላውን ከሥሩ አድርገህ ስታነሳ ደግሞ ማንም ከመኪናዋ ሥር እንዳይገባ።