ጌም ስለ ሰውነታችን የሚያስተምረውና የሚዋሸው

በዚህ ገጽ ላይ ብዙዎቻችሁ ስለ ጥናት ዘዴ ጽፋችኋል፤ ማስታወሻ ካርድ ስለ መሥራት፣ በቡድን ስለ ማጥናት፣ ስልክ ስለ መዝጋት። እኔ ደግሞ ስለ ቪዲዮ ጌም ልጽፍ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ «ነርስ ለመሆን ድብ መግደል ያስፈልጋል እንዴ?» አለችኝ። አያስፈልግም፤ ግን ስለ ድቡ ሥጋ የምለው አለኝና ታገሱኝ።

እንግሊዝ አገር ያደግኩ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። የምወዳቸው ጌሞች ሦስት ዓይነት ናቸው፦ የአደን፣ በአስቸጋሪ ቦታ በሕይወት የመቆየት፣ እና «ሮግላይክ» የሚባሉት። የሚያገናኛቸው የምትጫወቱበት ሰው በቀላሉ የሚሞት መሆኑ ነው። ጥይት የማይበሳው ጀግና የለም። ስለዚህ ሰውነትን ከሌሎች ጌሞች ይልቅ በቁም ነገር ይይዙታል። በቁም ነገር ስለሚይዙትም የት ላይ እንደሚዋሹ መፈለግ ጥሩ ጥናት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከሁሉም አስበልጬ የምወደው ዘ ሎንግ ዳርክን ነው። የሠራው ሂንተርላንድ የሚባል የካናዳ ድርጅት ሲሆን ሙሉው ጌም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ኤሌክትሪክ ሁሉ በጠፋበት የሰሜን ካናዳ በረዶ ውስጥ ብቻችሁን ናችሁ። ዞምቢ የለም፤ ጠላታችሁ ብርድ፣ ድካም፣ ረሃብና ጥም ነው። ለእያንዳንዳቸው ስክሪኑ ላይ የሚሞላና የሚጎድል መለኪያ አለ። ተኩላና ድብም አሉ። በሰርቫይቫል ሞድ ከሞታችሁ ጨዋታው ይሰረዛል፤ ሰውዬው መቶ ቀን ኖሮ ቢሆንም የምትጀምሩት ከዜሮ ነው።

ብርዱን አሳምረው ሠርተውታል። ነፋስ ሙቀት ይወስዳል፤ የረጠበ ልብስ ከንቱ ይሆናል። ትልቁ ውሸት ግን ያለው እዚሁ ነው። ሃይፖሰርሚያ የምንለው የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ነው። መጀመሪያ ሰውየው ይንዘፈዘፋል። ወደ 32 ዲግሪና ከዚያ በታች ሲወርድ ግን መንዘፍዘፉ እየቆመ ይሄዳል፤ ለማያውቅ ሰው የተሻለው ይመስላል። ንግግሩ ይጎተታል፣ ግራ ይጋባል፣ አንዳንዱ እንዲያውም በዚያ ብርድ ውስጥ ልብሱን ያወልቃል። ማለትም ብርድ ቀድሞ የሚወስደው ማስተዋልን ነው። ጌሙ ላይ ግን የሚበርደው ሌላ፣ የሚያስበው ሌላ ነው። እኔ ሞቃት ክፍል ውስጥ ሻይ ይዤ፣ ለሚሞተው ሰው በጠራ አእምሮ እወስንለታለሁ። እውነተኛው ሰው ይህ ዕድል የለውም።

ደም መፍሰስም እንዲሁ ነው። ተኩላ ከነከሳችሁ መለኪያው ወዲያው መውረድ ይጀምራል፤ ፋሻ እስክታስሩም ዓይናችሁ እያየ ይወርዳል። እውነተኛ ሰውነት ግን ይደብቃል። 70 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ ሰው ከ750 ሚሊ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል ደም አፍስሶ የላይኛው የደም ግፊቱ እንደ ደህና ሰው ሊሆን ይችላል። የሚያሳብቀው የልብ ምቱ ነው፤ ከ100 በላይ ይሄዳል፤ አተነፋፈሱም ይፈጥናል፤ ቆዳው ይቀዘቅዛል። ግፊቱ በግልጽ ሲወድቅ ጊዜው ብዙ ሄዷል። በተለይ ወጣትና ጤነኛ ሰው ለረጅም ጊዜ ደህና መስሎ ቆይቶ ድንገት ነው የሚወድቀው። ፈተና ላይ «ግፊቱ ደህና ስለሆነ ታካሚው ደህና ነው» የሚል ምርጫ ካያችሁ ዝለሉት።

አሁን ወደ ድቡ። ጌሙ ውስጥ የድብና የተኩላ ሥጋ ከበላችሁ የአንጀት ጥገኛ ትል ሊይዛችሁ ይችላል። ይህ እውነት ነው፤ ትሪኪኔላ የሚባለው ትል በድብ ሥጋ ውስጥ ይኖራል፤ ቅዝቃዜን የሚቋቋም ዝርያም ስላለው ሥጋው በረዶ ውስጥ መቆየቱ ብቻ አያድንም። ጌሙ የሚሳሳተው መፍትሔው ላይ ነው። የማብሰል ችሎታችሁ አምስተኛው ደረጃ እስኪደርስ ድረስ የበሰለው ሥጋም ያሳምማችኋል። ትሉ ግን የእናንተን ደረጃ አይጠይቅም፤ የሥጋው መሃል 71 ዲግሪ ከደረሰ ጀማሪ ቢያበስለውም ይሞታል። ውኃ አፍልቶ የመጠጣቱ ትምህርት ግን ትክክል ነው፤ የሚጎድለው ከፍታ ብቻ ነው። ዝቅተኛ ቦታ ላይ አንድ ደቂቃ ሙሉ መንተክተክ ይበቃል፤ ከ2000 ሜትር በላይ ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ ነው የሚመከረው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ ለዕረፍት የምትሄዱ አስቡበት።

ረሃቡ ላይ በጣም ነው የምጣላው። ተጫዋቾች ሰውዬውን ለቀናት አስርበው፣ ከዚያ ሁለት ኪሎ ሥጋ በአንድ ጊዜ ያበሉትና ይተኛል፤ ጠዋት ይበረታል። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው በድንገት ብዙ ሲበላ ደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌትና ፖታሲየም ወደ ሴሎች ገብቶ በደም ውስጥ ያለው መጠን ይወርዳል፤ ልብ ሊቆም ይችላል። ሪፊዲንግ ሲንድሮም ይባላል። ኢትዮጵያ ውስጥ በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን የሚያክሙ ነርሶች ይህን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ኤፍ-75 የሚባለውን፣ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ያለውን ወተት በትንሽ በትንሹ የሚያስጀምሩት ለዚህ ነው። ለተራበ ልጅ ቶሎ አብዝቶ መስጠት ደግነት ይመስላል።

ስለ አደን ባጭሩ፦ ዘ ሃንተር ኮል ኦፍ ዘ ዋይልድ የስዊድን ሥራ ነው፤ እሱም በ2017 ወጣ። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች «እንቅልፍ ያመጣል» ይሉታል፤ እኔ የምወደው ለዚያው ነው። ነፋሱ ወደ እንስሳው ከነፈሰ ሽታችሁን ይዞ ይሄዳል፤ ግማሽ ሰዓት አድፍጣችሁ ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ። ያደናችሁትን ስታነሱ ጥይቱ በየት እንደገባና የትኛውን የውስጥ አካል እንደመታ ያሳያል። ሳንባ፣ ጉበትና ልብ እንዴት ተጠጋግተው እንደሚቀመጡ ከዚህ የተሻለ ሥዕል አላየሁም፤ በአራት እግሩ ለሚሄድ እንስሳ መሆኑን ካልረሳችሁ።

ታዲያ እውነተኛ ሰው መለኪያ ከሌለው ምን እናደርጋለን? እንሠራለታለን። እዚህ አገር የምንማረው ኒውስ ሁለት የሚባለውን ሰንጠረዥ ነው፤ የሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ በ2017 ያሻሻለው። አተነፋፈስ፣ በደም ውስጥ ያለ ኦክስጅን፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ንቃትና ሙቀት እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 3 ነጥብ ያገኛሉ፤ ኦክስጅን የሚሰጠው ታካሚ 2 ይጨመርበታል። ድምሩ 5 ከሆነ በፍጥነት መታየት አለበት፤ 7 ከሆነ ድንገተኛ ነው። ልክ እንደ ጌሙ፣ ዋናው የአሁኑ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ወዴት እየሄደ እንደሆነ ነው። ይህን ማየት ከዘ ሎንግ ዳርክ ነው የለመድኩት።

ለእኛ ልጆች እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ። እናቶቻችንን «እንዴት ነዎት?» ብትሏቸው መልሱ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ እግራቸው ተሰብሮም። ሕመማቸውን ከ0 እስከ 10 እንዲሰጡ ቢጠየቁ ነርሷን ላለማስቸገር 2 ይላሉ። ሰንጠረዡ ላይ አዲስ የመጣ ግራ መጋባት ብቻውን 3 ነጥብ ነው፤ ነገር ግን አማርኛ ብቻ የሚናገሩ እናት ግራ መጋባታቸውን በእንግሊዝኛ የሚጠይቅ ሰው እንዴት ያውቃል? አጠገባቸው ያለ ልጅ «እማማ እንዲህ አይናገሩም ነበር» ብሎ መናገር አለበት። ይህን ለማለት ነርስ መሆን አያስፈልግም።

የቀሩት ሮግላይኮቹ ናቸው። ስማቸውን ያገኙት በ1980 አካባቢ የካሊፎርኒያ ተማሪዎች ከሠሩት ሮግ ከሚባል ጌም ነው፤ መንገዱ በየጊዜው ይቀያየራል፤ ሞት የመጨረሻ ነው። ልጁ ኔትሃክ በ1987 ወጣ፤ እስከ ዛሬም እጫወተዋለሁ። የምወድለት ጠርሙሶቹን ነው። አንድ ጨዋታ ላይ ቀዩ ጠርሙስ ፈዋሽ ከሆነ በሚቀጥለው ቀዩ የሚያሳውር ሊሆን ይችላል። ቀለም መሸምደድ አይጠቅምም፤ ምንነቱን የማጣራት ዘዴ ነው የምትማሩት። አሁን የቤታችንን መድኃኒት አስቡ፦ «ነጯን ጠዋት፣ ሮዟን ማታ።» ፋርማሲው የሌላ አምራች ክኒን ሲሰጥ ያው መድኃኒት ቀለሙ ይቀየራል፤ ነጯ ሁለት ትሆናለች ወይም ጨርሳ ትጠፋለች። ለወላጆቻችሁ በሣጥኑ ላይ የመድኃኒቱን ስም በአማርኛ ፊደል ጻፉላቸው።

በ2020 የወጣውን ሄዲስን ብዙዎቻችሁ እንደምትወዱት አውቃለሁ። ታሪኩና ድምፁ ግሩም ነው። ቅሬታዬ፣ በሞታችሁ ቁጥር የምትጫወቱበት ሰው እየጠነከረ ይሄዳል፤ ሠላሳኛው ሙከራ ላይ ስታሸንፉ እናንተ ተምራችሁ ይሁን እሱ ጠንክሮ አይታወቅም። ኔትሃክ ውስጥ ከሞት የሚተርፈው እናንተ ያወቃችሁት ብቻ ነው።

መጀመር የምትፈልጉ ዘ ሎንግ ዳርክን በቀላሉ ደረጃ ጀምሩ፤ ከፈተና ሳምንት በፊት ግን አይሆንም፤ ሌሊቱን ይበላል። ኔትሃክ ነፃ ነው፤ ያረጀ ላፕቶፕ ይበቃዋል። ግራፊክስ አትጠብቁ፤ ዘንዶው ራሱ አንድ ፊደል ነው።