ቡልዶዘርና አያያዙ

ገበሬ በሬውን ከመጥመዱ በፊት ምን ያያል? ጫንቃው ቆስሎ እንደሆነ፣ እግሩ ያነክስ እንደሆነ፣ በልቶ ጠጥቶ እንደሆነ ያያል። የታመመ በሬ ጠምዶ የሚያርስ የለም። ቡልዶዘርም እንዲሁ ነው። ሳይታይ ከተነሣ መንገዱን ሳይጨርስ ይቆማል።

ቡልዶዘር ምንድን ነው?

ቡልዶዘር አፈር የሚገፋ፣ ጉቶ የሚነቅል፣ ድንጋይ የሚፈነቅል ከባድ መኪና ነው። ከፊቱ ሰፊ የብረት አካፋ አለው። ጎማ የለውም፤ በሁለት የብረት ሰንሰለት ይሄዳል። መካከለኛ ከሚባሉት አንዱ ካተርፒላር ዲ 6 ዲ ነው። ይህ ዓይነት መሠራት የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ነው። ዛሬ ፋብሪካው በሌላ ዓይነት ተክቶታል።

ሞተሩ በናፍጣ ይሠራል። 6 ሲሊንደር አለው። ኃይሉ 140 የፈረስ ጉልበት ነው። ክብደቱ ወደ 15 ቶን ይጠጋል። ይህም 150 ኩንታል ማለት ነው።

ታዲያ ለምን አይሰምጥም? ሰንሰለቱ ረጅምና ሰፊ ስለሆነ ክብደቱን በብዙ ቦታ ላይ ያካፍለዋል። የትንሽ ጣት ጥፍር በምታህል መሬት ላይ የሚያርፈው 1 ኪሎ እንኳ አይሞላም።

ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ

1. የሞተሩን ዘይት በመለኪያው ዘንግ እዩ። ዘይት ካነሰ ብረት ከብረት ይፋጫል፤ ሞተሩ ይበላሻል።
2. የራዲያተሩን ውሃ እዩ። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ግን ክዳኑን አትክፈቱ። የፈላው ውሃ ፊት ያቃጥላል።
3. ከናፍጣው ታንክ ሥር የተጠራቀመውን ውሃ አፍስሱ። ማታ ታንኩን ሞልታችሁ አሳድሩ። ጎዶሎ ያደረ ታንክ ውስጥ በሌሊቱ ብርድ እንደ ጤዛ ውሃ ይፈጠራል።
4. ዙሩና እዩት። የላላ ቡሎን አለ? የሚንጠባጠብ ዘይት አለ?
5. ሰንሰለቱን እዩ። በጣም ከጠበቀ ቶሎ ይበላል፤ በጣም ከላላ ይወልቃል። ልኩ በመመሪያው መጽሐፍ ተጽፏል። ማጥበቂያው ውስጥ ያለው ግራሶ በኃይል የታመቀ ስለሆነ ቢያመልጥ ሥጋ ይበሳል። ማላላቱን ለባለሙያ ተዉ።

ዕድሜው በሰዓት ይቆጠራል

የሰው ዕድሜ በዓመት ይቆጠራል። የቡልዶዘር ዕድሜ ግን ሞተሩ በሠራበት ሰዓት ነው። ለዚህ ቆጣሪ አለው። ማታ ማታ ቁጥሩን አንብባችሁ በደብተር ጻፉ። የሞተሩ ዘይትና የዘይቱ ፊልትሮ በየ250 ሰዓቱ ይለወጣሉ። ዘይቱ የተለወጠው በ1,010 ቢሆን፣ ቆጣሪው ዛሬ 1,240 ቢል፣ 230 ሰዓት ሠርቷል፤ 20 ይቀረዋል። ማንበብና መቁጠር የሚችል ሰው ሞተር ያድናል ማለት ይሄ ነው።

ሲታመም

ጭሱን እዩ። ጥቁር ከሆነ አየር አጥሮታል፤ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ ይሆናል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ነጭ ጭስ ጠዋት በብርድ ጥቂት ቢታይ አያስደነግጥም። ሞተሩ ሞቆም ካልተወው ግን ውሃ ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ይሆናልና አቁሙት።

ስለ ሙቀት ያየሁትን ልንገራችሁ። በአንድ የመንገድ ሥራ ላይ ቡልዶዘሩ እየጋለ አስቸገረን። ውሃ ጨመርን፤ አልተሻለውም። ቺንጋውን አየን፤ ደህና ነው። ሥራው 3 ቀን ቆመ። ሰማዩ ደመና ቋጥሯል፤ መንገዱ ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ ወንዙ ጋ መድረስ ነበረበት። በመጨረሻ ዘበኛው አባት ቀረብ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ይሄ ነገር አፍንጫው ተደፍኗል እኮ!» አሉን። እውነትም የራዲያተሩ ቀዳዳዎች በገለባና በአቧራ ተጠቅጥቀዋል። ጠርገን አጠብነው፤ ሙቀቱ ወረደ። እኔ ተማሪው ያላየሁትን ከብት አርቢው አዩት።

ማታ

ከማጥፋታችሁ በፊት ሞተሩ 5 ደቂቃ ያህል በዝግታ ይሥራ። አካፋውን መሬት ላይ አሳርፉ። በተነሣ አካፋ ሥር ማንም አይግባ። ጭቃውን ከሰንሰለቱ ጥረጉ፤ ካደረ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ልጆችና ከብቶች እንዳይጠጉ ጠብቁ።

መልመጃ

1. ቡልዶዘር ከባድ ሆኖ ሳለ ለምን አይሰምጥም?
2. የናፍጣ ታንክ ማታ ለምን ይሞላል?
3. ዘይቱ የተለወጠው በ2,300 ነው። ቆጣሪው ዛሬ 2,480 ይላል። ስንት ሰዓት ይቀረዋል?
4. ዘበኛው አባት ምን አዩ? እናንተስ ብትሆኑ መጀመሪያ የቱን ታዩ ነበር? ተወያዩበት።